ከአስፋልቱ ሥር፦ የበርክሊው የትምህርት ቤት ጓሮ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አርፍዶ ለመጣ ተማሪ ቅጣቱ ሰርዶ መንቀል ነበር። ዩኒት ሊደራችን በር ላይ ያስቀሩንና ከባንዲራው ምሰሶ ጀርባ ወዳለችው ቁራሽ መሬት ይወስዱናል። ሰርዶን በእጁ የነቀለ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ላዩን ሲስቡት ብጥስ ይላል፣ ሥሩ ግን እንደ ገመድ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ጣታችን እስኪላጥ አንድ ክፍለ ጊዜ እንፈጃለን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሰርዶው ተመልሶ ይበቅላል፣ ሌሎች አርፋጆችም ይሰለፋሉ። በዚያች መሬት ላይ አንድም ነገር ተተክሎ አላየሁም። ለእኔ አፈር መንካት ማለት ለረጅም ጊዜ መቀጣት ማለት ነበር።

አሁን የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ቴሌግራፍ ጎዳናን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን እያለፈ በርክሊ ከተማ ይገባል። በዚያች ከተማ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ስም የሚጠራ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። በግቢው ውስጥ ያለው ጓሮ "ኤዲብል ስኩልያርድ" ይባላል፤ "የሚበላ የትምህርት ቤት ግቢ" እንደማለት ነው። ልጆችን አትክልት መትከል፣ ጤናማ ምግብና የአካባቢ እንክብካቤን ስለማስተማር በተነሳ ቁጥር ስሙ የሚጠቀስ ጓሮ ነው። ብዙ ተወድሷል፣ በጽኑም ተተችቷል። ሁለቱንም በደንብ ማየት ይገባል ብዬ ስለማምን ታሪኩን ከመነሻው አወጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኪንግ ትምህርት ቤት ግቢ የሚያኮራ አልነበረም። የምግብ አዳራሹ ለተማሪው ብዛት ስለጠበበ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ከቆመች ኪዮስክ በማይክሮዌቭ የሞቀ የታሸገ ምግብ እየገዙ ይበሉ ነበር። ከሕንጻው ጎን አንድ ኤከር የሚሆን፣ በእኛ ልኬት አንድ ጥማድ ተኩል ያህል ቦታ፣ በአስፋልት ተሸፍኖ ያለ ሥራ ተኝቷል።

ወይዘሮ አሊስ ዋተርስ በዚያ በኩል የሚያልፉ የሰፈሩ ሰው ናቸው። በ1971 በርክሊ ውስጥ "ሼ ፓኒስ" የተባለውን ምግብ ቤት ከፍተው፣ በአካባቢው ገበሬ የተመረተና በወቅቱ የደረሰ ምግብ ብቻ በማቅረብ ስማቸው ገንኗል። ለዚህ ጉዳይ ግን ከምግብ ቤቱ ይልቅ ከዚያ በፊት የነበረው ሥራቸው የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ልጆች በራሳቸው እጅ እየሠሩ የሚማሩበት የሞንቴሶሪ ዘዴ መምህርት ነበሩ። ልጅ በእጁ ሲነካ፣ በአፍንጫው ሲያሸት፣ በምላሱ ሲቀምስ ይማራል የሚለውን ከዚያ ነው ያመጡት። ከአንድ ጋዜጣ ጋር ሲነጋገሩ የዚህን ትምህርት ቤት ግቢ ለአብነት አንስተው ችላ መባሉን ተናገሩ። ርዕሰ መምህሩ ኒል ስሚዝ ይህን አነበቡ። ቅር ተሰኝተው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሴትየዋን ጋብዘው ግቢውን አዟዟሯቸው፣ ምን ቢደረግ ይሻላል ብለውም ጠየቁ። እኔ በበኩሌ ለጓሮው መወለድ ከገንዘቡም ከዝናውም በላይ ይህን የርዕሰ መምህሩን ትሕትና አመሰግናለሁ። ተቺን ግቢ የሚያስገባ ኃላፊ ብዙ አይገኝም።

በ1995 ሥራው ተጀመረ፣ አስፋልቱም ተነሳ። ከሥሩ የወጣው አፈር ለዓመታት ታፍኖ የቆየ፣ የደደረ፣ ነፍስ የሌለው መሬት ነበር። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቲማቲም ተክሎ ፎቶ ለመነሳት መቸኮል ያለ ነው፤ በዚያ ግን መጀመሪያ የተዘራው አፈሩን የሚያክም ዘር ነው፤ ባቄላ፣ ማገጥ፣ አጃና የመሳሰለው። አድጎ ታጭዶ እዚያው መሬቱ ላይ ይገለበጣል።

ይህ ለእኛ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ዘንድሮ ባቄላ የነበረበት መሬት ለከርሞ ስንዴው እንደሚያምር አባቶቻችን ያውቃሉ። ምክንያቱን ለልጅ ማሳየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁለት ወር ገደማ የሆነውን የባቄላ ተክል ከነሥሩ ቀስ ብሎ መንቀል፣ አፈሩን ማራገፍ። ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረው ይታያሉ። አንዷን በጥፍር ለሁለት ሲከፍሏት ውስጧ ሮዝ ከሆነ በውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ከአየር ናይትሮጂን እየወሰዱ ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችለው መልክ ይለውጡታል። ውስጧ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ገና አልጀመሩም ወይም ጨርሰዋል። ሥነ ሕይወትና ኬሚስትሪ በአንዲት ጥፍር ላይ ናቸው። በመጽሐፍ "ናይትሮጅን ፊክሴሽን" ብዬ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ እባጯን ከፍቼ ያየሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ጓሮውና ወጥ ቤቱ

ጓሮው በአንድ ቀን ዘመቻ የቆመ አይደለም። የማብሰያ ክፍሉ ሥራ የጀመረው በ1997 ነው፤ ያ የተዘጋው አሮጌ ወጥ ቤት ታድሶ ልጆች የሚማሩበት ሆነ፣ በኋላም ወደ ጓሮው ጎን ተዛወረ። ዛሬ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የአትክልት መደቦች፣ የፍራፍሬ ዛፎች፣ የዶሮ ቤት፣ በእንጨት የሚነድ የዳቦ ምድጃ፣ መሃል ላይ ደግሞ በተክል የተከበበ ክብ ዳስ ይታያል። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ ዳስ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ መምህሩ የዕለቱን ሥራ ይናገራል፣ ከዚያ በትንንሽ ቡድን ይከፋፈላሉ። አንዱ ቡድን ኮምፖስት ያገላብጣል፣ አንዱ ይኮተኩታል፣ አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ወደ ዶሮዎቹ ይሄዳል።

ዋናው ብልሃት ጓሮው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ በአብዛኛው የታሪክና የቋንቋ ክፍለ ጊዜ መሆኑ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚቀር ክበብ አይደለም፣ ለፈለገ ብቻም አይደለም። ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች የሚማር ክፍል ወጥ ቤት ገብቶ እህል ይፈጫል፣ ያቦካል፣ ይጋግራል። ስለ ሐር መንገድ የሚማር ክፍል ቅመሙ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በድስቱ ውስጥ ያየዋል። በድንጋይ ወፍጮ አጠገብ ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል ትምህርት እንደሆነ ይገባዋል፤ ግማሽ ሰዓት ፈጭቶ እፍኝ ዱቄት ያገኘ ልጅ የጥንት ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኮምፖስቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆችን አብዝቶ የሚገርማቸው እሱ ነውና። የደረቀ ቅጠልና ጭድ፣ ከእርጥብ ሣርና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ተደራርቦ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት ወገብ ድረስ ይከመራል። በትክክል ከተሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሃሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ብርድ ባለበት ማለዳ ሹካው ገብቶ ክምሩ ሲከፈት እንፋሎት ቦግ ብሎ ይወጣል። ልጅ እጁን ጠጋ አድርጎ "እሳቱ የት አለ?" ማለቱ አይቀርም። እሳት የለም፤ ዓይን የማያያቸው ሚሊዮን ተሕዋስያን እየበሉ ነው፣ ሲበሉም ይሞቃቸዋል። ሙቀቱ የአረም ዘርና ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። ክምሩ አየር ካጣ ይከረፋል፣ ውሃ ካነሰው ይቀዘቅዛል፣ እርጥቡ ከበዛ ይላቁጣል። ልጁ ቴርሞሜትር ይሰካል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ሳምንት ጠብቆ መስመር ያሰምራል። የሙዝ ልጣጭ ቆሻሻ መሆኑ የሚያበቃው ያኔ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ከተሰቀለ መቶ ፖስተር ይህ አንድ ክምር ይበልጥብኛል።

ወጥ ቤት ውስጥ ልጆቹ ከጓሮው የመጣውን ያጥባሉ፣ በእውነተኛ ቢላ ይከትፋሉ፣ ያበስላሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ይነጠፋል፣ አበባ ይቀመጣል፣ ሁሉም ተቀምጠው አብረው ይበላሉ፣ እያወሩ። ሲጨርሱ ያነሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ትራፊው ወደ ኮምፖስት ይመለሳል። ለእኛ አብሮ መብላት ብርቅ አይደለም። መኪና ውስጥ ወይም ስክሪን ፊት ብቻውን መብላት ለለመደ የአሜሪካ ልጅ ግን ጠረጴዛው ራሱ ትምህርት ነው። እዚህ ያደጉት የእኛም ልጆች ወደዚያው እያዘነበሉ ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆን በታሸገ ቺፕስና በለስላሳ መጠጥ ምሳውን የሚሸኝ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ልጆች አረንጓዴ ነገር እምቢ የሚሉት ባለጌ ሆነው አይደለም። አዲስ ምግብን መጠርጠር የልጅ ተፈጥሮ ነው፣ ጎመንና የጎመን ዘመዶች ደግሞ መራራ ቅመም አላቸው፣ የልጅ ምላስም ምሬትን አጥብቆ ይለያል። በልጆች አመጋገብ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ ልጅ አንድን ምግብ ለመልመድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ተገድዶ የበላውን ደግሞ ይጠላዋል። ይህ እኛን ወላጆችን ይነካናል። "ብላ እንጂ!" ማለትና ጉርሻ ይዞ ማሳደድ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ለቆስጣ ግን አይሠራም። የጓሮው ትምህርት የሚያደርገው ልጁ ሳይገደድ ያንን ተክል ደጋግሞ እንዲያገኘው ነው፤ እንደ ዘር፣ እንደ ችግኝ፣ እንደ ቅጠል፣ በመጨረሻ እንደ ወጥ።

ይህን በቤቴ አይቸዋለሁ። እዚህ አገር ጎመን ብለን የምንሠራው በአብዛኛው ኮላርድ የሚባለውን ነው። የአበሻ ጎመን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ኮላርድ ያለበት ዝርያና ጥቁር ሰናፍጭ ተዳቅለው የተገኘ ተክል ነውና አንደኛው ወላጁ ማለት ይቻላል። ታናሿ ልጄ ሰሃኗ ላይ ሲቀርብ ወደ ጥግ ትገፋው ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ችግኝ ገዝቼ በረንዳ ላይ በባልዲ ተከልን፤ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ የእሷ ሆነ። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ ትል አግኝታ ለሁለት ቀን ስትከታተለው ሰነበተች። ቅጠሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ከትፋ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ራሷ ጨምራ የሠራነው ቀን ወደ ጥግ ስትገፋው አላየኋትም፤ እኔ ድርሻዋን እንዳልጨርስባት ነበር የምትጠብቀኝ።

ምሳው

የበርክሊው ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ይህ ነው። ልጁ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ስለ ቆስጣ ተምሮ ቀትር ላይ የትምህርት ቤቱ ምሳ የተጠበሰ የታሸገ ዶሮ ከሆነ፣ ትልቁ ትምህርት የትኛው ነው? ልጅ የተነገረውን ሳይሆን የተደረገለትን ያምናል። ለዓመታት ይህ ክፍተት እንዳለ ቆየ። በ1999 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ስለ ትምህርት ቤት ምግብ ፖሊሲ አወጣ፤ ወረቀቱ ጥሩ ነበር፣ ወጥ ቤቶቹ ግን ያው ነበሩ።

ለውጡ የመጣው በ2005 የምግብ ባለሙያዋ አን ኩፐር የከተማዋን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምግብ እንዲመሩ ሲቀጠሩ ነው። ደመወዛቸውን የከፈለው የወይዘሮ ዋተርስ ፋውንዴሽን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅታቸው፣ ነበር። የታሸገውና በፋብሪካ የተዘጋጀው ምግብ እየወጣ፣ ከጥሬው የሚበስል ምግብና የሰላጣ ጠረጴዛ ገባ። በ2008 በኪንግ ግቢ አዲስ የምግብ አዳራሽ ተከፈተ፣ ወጥ ቤቱም ለከተማዋ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ጭምር የሚያበስል ማዕከል ሆነ። ልብ በሉ፣ አስፋልቱ ከተነሳ 13 ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ጓሮውን ቆፍረው የነበሩት ልጆች በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል።

ሠራ ወይ ለሚለው፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች ልጆችን ለሦስት ዓመት ተከታትለው በ2010 ውጤት አውጥተዋል። ጓሮው፣ የማብሰያ ክፍሉና የተሻሻለው ምሳ በደንብ በተዘረጋባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ትንንሽ ልጆች አትክልትና ፍራፍሬ መብላታቸው ሲጨምር፣ በደንብ ባልተዘረጋባቸው ቀንሷል። ቅጠላ ቅጠል የመውደዱ ነገርም እንዲሁ። ጥናቱን ያስጠናው የዋተርስ ፋውንዴሽን መሆኑ መነገር አለበት፤ ውጤቱን አይሽረውም፣ ግን አንባቢ ሊያውቀው ይገባል።

"ልጄን የላክሁት ሊማር ነው"

በዚያው በ2010 መጀመሪያ ላይ ኬይትሊን ፍላናጋን የተባሉ ጸሐፊ "አትላንቲክ" መጽሔት ላይ ጠንካራ ትችት አወጡ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በእርሻ ጉልበት ሥራ ወገቡ የጎበጠ ስደተኛ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የላከው ከዚያ ኑሮ እንዲወጣ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ልጁን መልሶ ሰላጣ ያስለቅመዋል። ማንበብና ሒሳብ ገና ላልያዘለት የድሃ ልጅ፣ ጓሮ ውስጥ የሚጠፋው ሰዓት ከወደፊቱ የሚሰረቅ ሰዓት ነው።

ብዙ የጓሮው ወዳጆች በዚህ ጽሑፍ ተቆጡ። እኔ ግን ሳነበው ድምፁን አወቅሁት። አባቴ ገበሬ ነበር። እርፍ ጨብጦ የሻከረውን እጁን እያሳየኝ "ተማር ልጄ፣ ከዚህ ውጣ" ይለኝ ነበር። እኔ ራሴ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ዛሬ አረም ነቀልን" ብትለኝ፣ ያ ዩኒት ሊደር ፊቴ ላይ ይደቀናል። በደርግ ዘመን "ትምህርት ለምርት" እየተባለ ተማሪ ሲቆፍር የኖረባት አገር ልጆች ነንና ይህን ስጋት እንደ ባዕድ ማጣጣል አንችልም። ስለዚህ ትችቱን በቁም ነገር መመለስ ያስፈልጋል።

መልሴ የሚጀምረው ከሰርዶው ነው። እኔን ሰርዶ ሲያስነቅሉኝ ማንም ሥሩ ለምን እንደዚያ እንደሚሄድ አልነገረኝም። በመሬት ውስጥ የሚሄደው ግንድ መሆኑን፣ በየአንጓው እምቡጥ እንዳለው፣ ሲቆራርጡት ስለዚህ እንደሚበዛ አላውቅም ነበር። ያንን ቢነግሩኝ ኖሮ ያው ሥራ ትምህርት ይሆን ነበር። በኪንግ ጓሮ ልጁ ይኮተኩታል፣ ነገር ግን ጥያቄ ይዞ ገብቶ መልስ ይዞ ይወጣል፣ የለቀመውንም የሚበላው ራሱ ነው። ሰዓቱም ከሳይንስ ላይ የተቀነሰ ሳይሆን ሳይንሱ የሚሰጥበት ነው። ሀብታሙም ድሃውም፣ ፈተና ያለፈውም የወደቀውም እኩል ይገባል። ጓሮው ለደካማ ተማሪ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ወይዘሮ ፍላናጋን ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆኑ ነበር።

ሆኖም በአንድ ነገር ላይ እስማማለሁ። ጓሮ ማንበብ አያስተምርም። በበርክሊ ትምህርት ቤቶች በነጭና በጥቁር፣ በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለው የውጤት ልዩነት ጓሮው ከመጣ በኋላም ሰፊ ሆኖ ቆይቷል። ጓሮውን የሁሉ ነገር መድኃኒት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ጓሮውን ራሱን ይጎዳል፤ ያላደገው የንባብ ውጤት በቆስጣው ላይ ይመዘገብበታልና። ቆስጣን መውደድ፣ አፈርን ማወቅ፣ አብሮ መብላት፤ እነዚህ በራሳቸው በቂ ምክንያት ናቸው።

ገንዘቡ

ሌላው እውነተኛ ድካም ይህ ነው። የኪንግ ጓሮ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል፤ የሙሉ ጊዜ መምህራን፣ የማብሰያ ክፍል፣ ዘርና መሣሪያ። ያ ገንዘብ የመጣው በአብዛኛው በታዋቂ ሰው ዙሪያ ከተሰበሰበ ልገሳ ነው። ሌሎቹ የበርክሊ ትምህርት ቤቶች ጓሮና የምግብ ትምህርታቸውን ሲያካሂዱ የኖሩት በፌዴራል መንግሥት ድጎማ ነበር። በ2013 ያ ድጎማ ሲቋረጥ ፕሮግራሞቹ ክፉኛ ተጎዱ። የኪንግ ጓሮ ጸንቶ ሲቆም የጎረቤቶቹ ተንገዳገደ። ወላጅ እየዞረ ገንዘብ ሰበሰበ፣ አልበቃም።

በኖቬምበር 2014 የበርክሊ ነዋሪ ድምፅ ሰጠ። ስኳር በገባበት መጠጥ ላይ በአንድ አውንስ፣ ማለትም በ30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ ሳንቲም ግብር ይጣል ወይ? የመጠጥ ኢንዱስትሪው ሕጉን ለመጣል ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ነዋሪው ግን ከአራት ሦስቱ ገደማ "ይጣል" አለ። በአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ ግብር በሕዝብ ድምፅ ሲጸድቅ የመጀመሪያው ነበር። በ2015 መሰብሰብ ሲጀምር ከገቢው ከፊሉ ለትምህርት ቤቶቹ የጓሮና የማብሰያ ትምህርት ተመደበ። የለስላሳው ጠርሙስ የጓሮውን መምህር ደመወዝ ያግዝ ጀመር። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን በጣም የነካኝ ይህ ነው። ጓሮው በ1995 በአንድ ሴትዮ ሐሳብ ተጀምሮ ከ20 ዓመት በኋላ የከተማው ሕዝብ በድምፁ የተሸከመው ነገር ሆነ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ካሊፎርኒያ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ፣ የወላጁ ገቢ ሳይጠየቅ፣ ቁርስና ምሳ በነጻ እንዲቀርብ አድርጋለች።

በአዲስ አበባ ቢሆን

አዲስ አበባ የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስተርክለት በትዕግሥት አዳመጠኝና "እኛ ጋ እኮ ግማሹ አለ" አለኝ። እውነቱን ነው። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ፤ በርክሊ ምሳውን ለማስተካከል 13 ዓመት ሲለፋ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ በየቀኑ እሳት ይነዳል፣ ድስት ይጣዳል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ጓሮም ያላቸው አሉ። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ ልጆቹን ይዞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የሚሄድበት።

የእሱ ትምህርት ቤት ከምገባው ወጥ ቤት ጀርባ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የምትሆን ቦታ አላት። የተነጋገርነው ስለ ጥቃቅኑ ነው። ካሊፎርኒያ በጋው ደረቅ ነው፣ ልጆቹም ያኔ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ቲማቲሙ የሚቀላው ሰው በሌለበት ነው። በእኛ ይገለበጣል፤ ዕረፍቱ ክረምት ስለሆነ ዝናቡ ያጠጣል፣ መስከረም ላይ ግን ልጆቹ የሚመለሱት ወደ አረም ነው። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ውሃው ይቸግራል። ከምገባው በፊት የሚታጠቡበትን የእጅ ውሃ በበርሜል ለማጠራቀም አሰበ፤ ሳሙናው ጥቂት ከሆነና ቅጠሉ ላይ ሳይፈስ ሥሩ ላይ ከፈሰሰ ይሆናል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩን ከአብሳዮቹ እናቶች ጋር ተስማምተው ለኮምፖስት በተለየ ባልዲ ያስቀምጡላቸው ጀመር።

አንድ ነገር አጥብቄ ለመንሁት፤ አርፋጅ ተማሪ ወደዚያ መደብ ለቅጣት እንዳይላክ። ዝም አለኝ፣ እሱም አብሮኝ ሰርዶ የነቀለ ነውና። ከዚያ "ለዩኒት ሊደሩ እነግረዋለሁ" አለ።

መጀመሪያ ባቄላ ዝሩ ብዬው ነበር፤ መስከረም ላይ ዘሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ጥፍሩ ውስጥ አፈር የገባ የልጅ መዳፍ፣ በላዩ ከነሥሩ የተነቀለ ባቄላ፣ ጎኑ ለሁለት የተከፈለች አንዲት እባጭ። ውስጧ ሮዝ ነበር።